ጎጆ መውጣትና የአካል ጉዳት በፎገራ ሜዳ

በሕግ ቋንቋችን አንድ ሰው ራሱ ለመዋዋል፣ ለመክሰስና ለመከሰስ፣ ሀብቱንም ራሱ ለማስተዳደር የሚችልበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ «አካለ መጠን ደረሰ» ይባላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎ ወስኖታል። ሕጉ የሚቈጥረው ዓመትን ሲሆን ስሙ ግን የተወሰደው ከአካል ነው፤ በዚህም ስሙ ከሕጉ ይልቅ የገጠሩን አስተሳሰብ ይገልጻል። በገጠር ወጣት ሙሉ ሰው የሚባለው የልደቱ ዓመት ተቈጥሮ ሳይሆን አካሉ ለሥራ፣ ለትዳርና ለማኅበር ግዴታ መድረሱ ታይቶ ነው። እንግዲያውስ በዚህ ሚዛን አካሉ «አልደረሰም» የተባለ ወጣት መቼ ነው አዋቂ የሚሆነው? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በሚገኘው በፎገራ ሜዳ፣ በተለይም በወረታ አካባቢ እንደ ቁሐር ሚካኤል ባሉ ቀበሌዎች ካለው የኑሮ ሥርዐት አንጻር ለመመርመር የተዘጋጀ ነው።

ፎገራ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጠጡት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጥቁር አፈር ሜዳ ነው። በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ያለ ብርቱ ጎርፍ ሲመጣም ሰውና ከብት ከቤቱ ይፈናቀላል። ቀድሞ ሜዳው በከብቱ ይታወቅ ነበር፤ የፎገራ ከብት የሚባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ርዳታ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት የተጀመረው የሩዝ እርሻ የአገሩን ኑሮ ለውጦታል፤ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዘርም የቦታውን ስም ይዞ ቀርቷል። ይህን ማንሣቴ ለጌጥ አይደለም። ሩዝ ገንዘብ የሚያመጣ፣ ነገር ግን ጉልበት የሚፈጅ ሰብል ነው፤ አረሙ የሚነቀለው በጭቃና በውሃ ውስጥ ቆሞ፣ ወገብን አጥፎ፣ በአንድ ክረምት ተደጋግሞ ነው። ሩዝ የመሬቱን ዋጋ ከፍ ባደረገ መጠን የጉልበትም ዋጋ ከፍ ብሏል፤ በክራንች ወይም በዘንግ የሚሄድ ሰው ደግሞ በሐምሌ ወር ከዋልካው ጭቃ ውስጥ አንድ ማሳ ያህል እንኳ ለመራመድ ይቸገራል።

የገጠሩ ቋንቋ ለወጣትነት ዕድሜ ብዙ ስሞች አሉት። ወንዱ ጎረምሳ፣ ጉብል፣ ኋላም ጎልማሳ ይባላል፤ ሴቷ ልጃገረድ፣ ኮረዳ፣ ሙሽራ፣ ኋላም የቤት እመቤት ትባላለች። ስሞቹ ግን በዓመት ብዛት ብቻ የሚሰጡ አይደሉም፤ እያንዳንዱን ስም የሚያስገኝ ሥራ አለ። ልጁ በመጀመሪያ ጥጃና በግ ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል ከብት ይነዳል፤ ከዚያም አባቱ አጠገቡ ቆሞ እርፍ ያስጨብጠዋል። ቀኑን ሙሉ ጥማድ በሬ ይዞ ትልሙን ሳያጣምም ያረሰ ልጅ ደርሷል ይባላል። ሴቷም ውሃ ቀድታ፣ ማገዶ ለቅማ፣ እህል አበጥራ፣ በመጨረሻ እንጀራ ስትጋግርና ጠላ ስትጠምቅ ደርሳለች ይባላል። የሁሉም መደምደሚያ ጎጆ መውጣት ነው። ጎጆ ያልወጣ ሰው ዕድሜው 30 ዓመት ቢሆንም የአባቱ ቤት ልጅ ነው፤ በሸንጎ ሲናገር የሚሰማው እንደ ልጅ ነው።

አርኖልድ ቫን ዤኔፕ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1909 ስለ መሻገሪያ ሥርዐቶች ባሳተመው መጽሐፍ እያንዳንዱ መሻገር ሦስት ደረጃ እንዳለው አስረድቷል፤ ይኸውም ከነበሩበት መለየት፣ በመካከል መቆየት፣ ወደ አዲሱ ማዕርግ መግባት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ሊቅ ሮበርት መርፊ በአከርካሪው ውስጥ በበቀለ ዕጢ ምክንያት አካሉ እየሰለለ ከሄደ በኋላ፣ በ1987 (በኤውሮፓ አቈጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ሐሳብ ወስዶ፣ አካል ጉዳተኛ ሰው በመካከለኛው ደረጃ ላይ ተይዞ የቀረ ነው ብሏል፤ በሽተኛ አይባልም፣ ጤነኛም አይባልም፤ ከማኅበሩ አልወጣም፣ ሙሉ በሙሉም አልገባም። መርፊ ሐሳቡን የወሰደው እንደ ምሳሌ ነው። በፎገራ ግን ነገሩ ከምሳሌነት አልፎ በግልጽ ይታያል፤ መሻገሪያው ራሱ፣ ማለትም ጎጆው፣ አለ ወይም የለም።

ከዚህ ላይ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ልዩነት አለ። በደቡብ ጎንደር ዕውርነት እንግዳ ነገር አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የዐይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዐይነ ስውር መሆኑን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዐይን ሞራ፣ 11.5 በመቶ ያህሉ ደግሞ በትራኮማ ጠባሳ የመጣ መሆኑን ገልጿል፤ በትራኮማ ረገድ የአማራ ክልል በዓለም እጅግ ከተጎዱት አገሮች ጋራ የሚቈጠር ነው። በመድኃኒት እደላና በዐይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ብዙ ሥራ ተሠርቷል። ሆኖም ብርሃኑን በሽምግልና ያጣ አባወራ አባወራነቱን አያጣም፤ ሚስቱና ልጆቹ ይመሩታል፤ ማሳው ይታረስለታል፤ በሽምግልና ወንበር ላይም ይቀመጣል። ያገባ ሰው በጦር ሜዳ እግሩን ቢያጣም የሚመለሰው ወደ ገዛ ቤቱ ነው። በ16 ዓመቱ የታወረው ወጣት ግን ገና ያላገኘውን ማዕርግ ነው የሚያጣው። ስለዚህ የልዩነቱ ምንጭ የጉዳቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን ጉዳቱ ከጎጆ በፊት ወይም ከጎጆ በኋላ መድረሱ ነው። በእኔ አስተያየት ይህ ነጥብ ስለ አካል ጉዳት በሚጻፉት መዘርዝሮች ውስጥ ተገቢውን ቦታ አላገኘም፤ አብዛኞቹ የሚቈጥሩት የጉዳቱን ዐይነት እንጂ ጊዜውን አይደለም።

ጎጆ እንዴት እንደሚቆም እንመልከት። የሰማንያ ጋብቻ በሁለት ወገን ስምምነት የሚጸና ውል ነው። ወላጆች ለልጆቻቸው የሚሰጡት ከብት፣ እህል፣ ቢኖርም መሬት፣ በሽማግሌ ፊት ይቈጠራል፤ የአንደኛው ወገን ከሌላው እንዲመጣጠን ይፈለጋል። የሚመዘነው ሀብት ብቻ አይደለም። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘመድነት እንዳይኖር ዘር ይቈጠራል፤ በዚያው መንገድም በዘሩ ውስጥ የሥጋ ደዌ ወይም ሌላ የሚፈራ ነገር እንዳለ ይጠየቃል። በዚህ ምክንያት የአንዱ ልጅ ጉዳት የወንድሞቹንና የእኅቶቹንም ሚዛን ያቀልላል ተብሎ ይፈራል፤ አንዳንድ ቤተሰብም የተጎዳውን ልጅ ከእንግዳ ዐይን ያርቃል። ይህን ጭካኔ ብቻ አድርጎ መተርጐም ስሕተት ይመስለኛል። ሦስት ሴቶች ልጆች ለመዳር የምታስብ እናት አራተኛዪቱን በጓዳ የምታስቀምጠው በሒሳብ ነው። የሒሳቡ ዕዳ የሚከፈለው ግን በአራተኛዪቱ ነው።

ነገሩ እንዲገለጽ አንድ ቤት በሐሳብ እንሥራ። አባትና እናት አራት ጥማድ መሬትና ሦስት ወንዶች ልጆች አሏቸው። መካከለኛው በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰብሮ፣ ወጌሻ ቢያሸውም ሳይስተካከል የገጠመ ነው። ታላቁ ባገባ ጊዜ አንድ ጥማድ መሬትና አንድ በሬ ተሰጥቶት ጎጆ ወጣ። የመካከለኛው ተራ ሲደርስ ማንም አልከለከለውም፤ ተራው ተዘለለ እንጂ። «ቆይ እስኪሻልህ፤ ዘንድሮ ጠበሉን እንሞክር» ተባለ። በዚህ መካከል ታናሹ አገባ። አባት ሲሞት የመካከለኛው ድርሻ በስሙ ተጻፈ፤ የሚያርሰው ግን ታናሹ ነው፤ ምርቱ በእኩል ይሁን በሲሶ የሚወስነውም ያው ታናሹ ነው። ባለ ድርሻው ሌላ የእኩል አራሽ ላምጣ ቢል ወንድሙን ያስቀይማል፤ የሚበላው ደግሞ ከወንድሙ ሚስት እጅ ነው። ማንም አልቀማውም፤ ሽማግሌ ቢጠራ የሚወቀስ ሰው አይገኝም። ከዚህም በላይ በእናታቸው የእርጅና ዘመን አጠገቧ የሚቀመጥ፣ ውሃ የሚያቀብላት፣ ሌሊት የሚነሣላት ይኸው ያላገባው ልጅ ነው። ነገር ግን «ጧሪ» የሚባለው እህል የሚያመጣው ወንድም ነው፤ እርሱ «ተጧሪ» ይባላል።

ጎጆ ቢወጣ እንኳ ብቻውን አያርስም። የፎገራ ገበሬ፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ገበሬ፣ አንድ በሬ ብቻ ያለው እንደ ሆነ ከሌላው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ለአረምና ለአጨዳ ደግሞ ወንፈል ወይም ደቦ ይጠራል። ሁለቱ የሥራ ማኅበራት በሩቅ ለሚያይ አንድ ይመስላሉ፤ ለጉዳያችን ግን እጅግ ይለያያሉ። ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስ ብድር ነው፤ አንተ ማሳ የዋለ ሰው ተራው ሲደርስ ማሳው ትውልለታለህ። ብድሩን በጉልበቱ መመለስ የማይችል ሰው ወንፈል ውስጥ አይገባም፤ ባይባረርም አይጠራም። ደቦ ግን የሚከፈለው በምግብና በጠላ ነው፤ ስለዚህ ያለው ሰው፣ አካሉ ቢጎዳም፣ ደቦ ጠርቶ ማሳውን ያሳጭዳል። ከዚህ የምንረዳው የአካል ጉዳት ለሀብታም ልጅና ለድኻ ልጅ አንድ ነገር አለመሆኑን ነው። ሀብታሙ ጉልበትን በጠላና በገንዘብ ይለውጣል፤ ድኻው የሚለውጠው ጉልበቱን ራሱን ነው፤ እርሱ ከጎደለ የሚተካው የለውም። የአካባቢው ድኻ ወጣት የመጀመሪያውን በሬ መግዣ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርዶ ሰሊጥ አርሞና አጭዶ ነበር። ይህም መንገድ ለእግሩ ጉዳተኛ ዝግ ነው።

በድሮው ሥርዐት ይህ ነገር እንዴት ነበር? የርስት ደንብ ለዛሬው ክርክር ጠቃሚ ትምህርት አለው። ርስት በአባትም በእናትም የሚቈጠር፣ ለአቅኚው ዘር ሁሉ እኩል የሚደርስ መብት ነበር፤ አካለ ጎዶሎ ልጅ ከርስት ይነቀላል የሚል ደንብ አልነበረም። አለን ሆበን በ1973 (በኤውሮፓ አቈጣጠር) ስለ አማራ የመሬት ይዞታ ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው ግን መብት መኖሩና መሬት መያዙ ሁለት ነገር ናቸው። ርስቱን የሚያገኘው ዘሩን ቈጥሮ፣ ከአለቃው ቤት ተመላልሶ፣ ተከራክሮና ደጋፊ አሰባስቦ ነው። እግር፣ ዐይንና ጆሮ የሚጠይቀው ይህ መካከለኛው መንገድ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ርስትን ሻረ፤ መሬትም በቀበሌ ማኅበር በኩል ተደለደለ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በብዙ ወረዳዎች ከተደረገው ሽግሽግ በኋላ ግን አጠቃላይ ድልድል ስላልተደረገ ከዚያ ወዲህ ያደገው ወጣት፣ ጤነኛውም ጭምር፣ መሬት የሚያገኘው በወላጆቹ ስጦታና ውርስ ወይም በኪራይ ነው። እንግዲህ ነገሩ እንደገና ወደ ቤተሰቡ ሒሳብ ተመለሰ ማለት ነው።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 340 ደንቆሮ፣ ዕውርና ሌሎችም ቋሚ ጉዳት ያለባቸው፣ ራሳቸውን ወይም ሀብታቸውን ማስተዳደር ያልቻሉ እንደ ሆነ፣ ለአእምሮ ሕሙማን የተሰጠውን ጥበቃ ሊጠይቁ እንደሚችሉ ይናገራል፤ አሳቡ ርኅራኄ ነው፤ ቦታው ግን ከዕብደት ጎን ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዝዛል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር ላይ አድልዎን ይከለክላል፤ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቋል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ነገር ግን የቅጥር አዋጁ የሚናገረው ለቀጣሪና ለተቀጣሪ ሲሆን፣ በቁሐር ሚካኤል ወጣቱን የሚቀጥረው አባቱ፣ ወንድሙ ወይም የወንፈል ጓደኛው ነው፤ እነርሱን የሚያስገድድ አዋጅ የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ከእርሻ ውጭ ያለው አሮጌው መሻገሪያ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ፎገራ የናበጋ ጊዮርጊስ ተወላጅ የሆኑት የአለቃ ገብረ ሐና አገር እንደ መሆኑ ለሊቃውንት ባዕድ አይደለም። ቅኔም ዜማም በዋናነት በጆሮ የሚገባና በቃል የሚያዝ ስለ ሆነ ዐይነ ስውር ተማሪ ከባልንጀሮቹ ወደ ኋላ አይቀርም፤ በየቅኔ ቤቱ ዐይነ ስውራን መምህራን ተነሥተዋል። እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ዐይነ ስውሩ በገበያ ዳር ቆሞ ቢለምን ለማኝ ነው፤ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ቢል ግን የቆሎ ተማሪ ነው። ቁራሹ አንድ ነው፤ ስሙ ግን ሌላ ነው፤ መጨረሻውም «የኔታ» መባል ነው። ይሁን እንጂ ለክህነት የአካል ምሉዕነት ስለሚጠየቅ ደጁ ሙሉ በሙሉ የተከፈተ አይደለም፤ መንገዱ የጆሮ መንገድ ስለ ሆነ መስማት የተሳነውን አያስገባም፤ ሴትንም በጥቂቱ እንጂ አያስገባም።

ዘመናዊው ትምህርት ይህን መሻገሪያ ያሰፋል ተብሎ ተስፋ ተደርጎበት ነበር፤ በከፊልም አስፍቶታል። የሰበታና የሻሸመኔ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ከሩቅ ገጠር የመጡ ልጆችን ተቀብለው መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች እንዲሆኑ አብቅተዋል። ከእነዚህ መካከል በይፋ የታወቀችው የትነበርሽ ንጉሤ ናት። በ1974 ዓ.ም. በወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ ብርሃኗን ካጣች በኋላ በሻሸመኔው ትምህርት ቤት ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንታ፣ በ2010 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች። ዕውርነቷ በልጅነት ከመዳር እንዳዳናት ራሷ በአደባባይ ተናግራለች። ይህ ቃል ለሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ከብዙ መዘርዝር ይበልጣል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 የሆነ የኢትዮጵያ ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ አማካኝ ዕድሜ 17.1 ዓመት ነበር፤ በአማራ ክልል ከዚህም ዝቅ ይላል። «ማን ያገባታል» የሚለው ፍርድ ከእኩዮቿ ቀንበር አወጣት፤ ያወጣት ግን ትምህርት ቤት ስለ ተገኘላት ነው። ትምህርት ቤት ላልተገኘላት ልጃገረድ ያው ፍርድ የሚያስከትለው ሌላ ነገር ነው፤ በእናቷ ቤት ስትፈትልና ስትፈጭ ኖራ፣ እናቷ ስትሞት ወደ ወንድሟ ቤት ትተላለፋለች። ባል ሳይኖራት ብታረግዝም ነውሩ የሚጫነው በእርሷ ላይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በመካከለኛው ደረጃ ላይ የሚቀረው መስማት የተሳነው ወጣት ይመስለኛል፤ ይህም እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም ጉልበቱ ሙሉ ነውና፤ ያርሳል፣ ወንፈል ይገባል፣ ሰሊጥም ያጭዳል። የጎደለው ቋንቋ ነው። በቤቱ ሰዎች መካከል የተፈጠሩ ጥቂት ምልክቶች ለበሬና ለውሃ ይበቃሉ፤ ለሰማንያ ውል፣ ለሽማግሌ ፊት ክርክር፣ ለኪራይ ስምምነት ግን አይበቁም። የእድር ጡሩንባ ሲነፋ አይሰማም፤ ቀብር ያልመጣ አባል ይቀጣል፤ ስለዚህ አባል የሚሆነው በራሱ ስም ሳይሆን በአባቱ ስም ነው። ነገሩ የጆሮ ዕጣ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ ምስክር ከሩቅ አገር አለ። በአሜሪካ ማርታስ ቪንያርድ በምትባለው ደሴት በዘር የሚተላለፍ ድንቁርና ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በብዛት ይታይ ነበር፤ ኖራ ግሮስ በ1985 (በኤውሮፓ አቈጣጠር) እንደ ጻፈችው የሚሰሙትም ነዋሪዎች የምልክት ቋንቋ ይናገሩ ስለ ነበር መስማት የተሳናቸው ሰዎች እንደ ሌላው ሁሉ ያገቡ፣ ዓሣ ያጠምዱና ለሹመት ይመረጡ ነበር። በእኛም አገር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ያስተምራል፤ ቋንቋው ግን ከከተማ ወደ ገጠር ገና በሚገባ አልወረደም።

አሁን የትምህርቱ መሻገሪያ ለሁሉም እየጠበበ ሄዷል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት በአገሪቱ ሁሉ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ጎጆ ሳይወጡ አካላቸው የጎደለ ወጣቶችንም ጨምሯል። ጠበል ለጠበል ሲዞር ቆይቶ በ12 ዓመቱ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ እንዲህ ያለው መቋረጥ ሲያገኘው የሚመለስበት ዕድሜ አይተርፈውም፤ እኩያው ግን ቢያንስ ወደ እርፉ ይመለሳል። በወረታ ከተማ የሚጠብቀውም ሥራ ብዙ አይደለም፤ ሎተሪ ማዞር፣ የሰው ክብደት ሚዛን ይዞ መቀመጥ፣ ጫማ መጥረግ ነው። ሁሉም ተቀምጦ የሚሠራ ነው፤ አንዱም ጎጆ አያወጣም።

የእነዚህ ወጣቶች ብዛት ምን ያህል እንደ ሆነ ለሚጠይቅ መልሱ በአጠያየቁ ይወሰናል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ በመላው ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን ቁጥር ከመቶ አንድ እጅ ጥቂት ብቻ አስበልጦ መዝግቦታል፤ የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ ግን ከዓለም ሕዝብ ከመቶ 15 እጅ ያህሉ አካል ጉዳተኛ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ ምክንያት ቈጣሪው ደጃፍ ላይ ቆሞ «እዚህ ቤት አካለ ስንኩል አለ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው አባወራው መሆኑ ነው፤ በጓዳ ያለችው አራተኛዪቱ ልጅ በዚያች ሰዓት በሚዛን ላይ ናት። ሌላው ምክንያት ጠያቂው ስም መጠየቁ ነው፤ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ቢጠይቅ መልሱ ሌላ በሆነ ነበር። በቈጠራው ቅጽ ላይ እያንዳንዱ የቤቱ ነዋሪ ከአባወራው ጋር ያለው ዝምድና ይጻፋል። ያ በሐሳብ የሠራነው የመካከለኛው ወንድም አባቱ በሕይወት ሳለ «ልጅ» ተብሎ ተጽፏል፤ አባቱ ከሞተ በኋላ የሚጻፈው በታናሹ ቤት «ወንድም» ተብሎ ነው። የአባወራው መስመር ላይ አልደረሰም፤ ዕድሜው ግን 34 ነው።